መልስ በነፃ በሚገኝበት ዘመን የሚከፈልበት የርቀት የኮምፒዩተር እገዛ ያዋጣል ወይ?

ኮምፒዩተር በገባበት ቤትና መሥሪያ ቤት ሁሉ የኮምፒዩተር ችግርም አብሮ ይገባል። ከፍላሽ ዲስክ የመጣ ቫይረስ ፋይሎችን ይሰውራል፤ ማተሚያው አልታዘዝ ይላል፤ በአንዱ ማሽን በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ባለሙያው ካለበት ሳይንቀሳቀስ፣ በኢንተርኔት አማካይነት እነዚህን ችግሮች እየፈታ ኑሮውን ሊመራ ይችላል ወይ? ጥያቄው በተለይ ከኮምፒዩተር ሳይንስና ከተዛማጅ የትምህርት ክፍሎች የሚመረቁ ወጣቶችን በቅርብ ይመለከታል። ሱቅ ሳይከራዩ፣ ዕቃ ሳያከማቹ፣ በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ የኢንተርኔት መስመር ሊጀመር የሚችል ሥራ ይመስላልና። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት አጭር ነው፤ መልስ የሚሸጥ ድርጅት አይዘልቅም፣ ኃላፊነት የሚሸጥ ድርጅት ግን ሊዘልቅ ይችላል። ምክንያታችንን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ መልስ ለሽያጭ የማይመች ዕቃ መሆኑን ልብ እንበል። ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ ንጣቱንና ጥራቱን ካየ በኋላ ይገዛል፤ የታየው እፍኝ ጆንያውን አያጎድለውም። መልስን ግን አስቀድሞ አሳይቶ መሸጥ አይቻልም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳመለከቱት፣ ገዢ የአንድን መረጃ ዋጋ በትክክል የሚረዳው መረጃውን ካወቀ በኋላ ነው፤ ካወቀው ደግሞ ሳይከፍል አግኝቶታል ማለት ነው።

ይህ እንቅፋት ታላላቅ ኩባንያዎችንም ፈትኗል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 «ጉግል አንሰርስ» የተባለ አገልግሎት ከፍቶ ነበር። ጠያቂው ከ2 እስከ 200 የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ዋጋ ራሱ ይመድባል፤ ተመርጠው የተመዘገቡ አጥኚዎች ይመልሳሉ፤ ከክፍያውም ሦስት አራተኛው ለመላሹ ይደርሳል። ከ800 በላይ አጥኚዎች የተሳተፉበት ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ አዲስ ጥያቄ መቀበሉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ከብዷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ስታክ ኦቨርፍሎው የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ጥያቄና መልስ ለማንም ያለ ክፍያ ክፍት አደረገ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ የቀረበው ቻት ጂፒቲ ደግሞ ለጠየቁት ሁሉ በሴኮንዶች ውስጥ ምላሽ ይሰጣል። በዚህ ገበያ መልስ ይዞ የሚወጣ ነጋዴ፣ ወንዝ ዳር ቆሞ ውኃ እንደሚሸጥ ሰው ነው።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል? አያበቃም። ሬድ ሃት የተባለውን ኩባንያ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ይህ ኩባንያ ሥራውን የገነባው በሊኑክስ ላይ ነው፤ የሊኑክስ ኮድ ደግሞ ማንም በነፃ ሊያገኘው የሚችል ነው። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓመታዊ ገቢው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 አይ ቢ ኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ደንበኞቹ በነፃ ለሚገኝ ነገር ለምን ከፈሉ? ለፕሮግራሙ አልከፈሉም። የከፈሉት ችግር በተፈጠረ ጊዜ በውል የሚጠየቅ፣ የደኅንነት ማስተካከያዎችን በወቅቱ የሚያደርስ፣ ለዓመታት አብሯቸው የሚቆይ አካል እንዲኖራቸው ነው። ነፃ ምክር ቢሳሳት የሚጠየቅለት ሰው የለም፤ በውል የተሰጠ እገዛ ግን ባለቤት አለው።

ሁለተኛው ምክንያታችን ከሒሳብ የሚመነጭ ነው። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች ባሳተሙት ጽሑፍ የወረፋ ጥናት እየተባለ ለሚጠራው ዘርፍ መሠረት ጥለዋል። ከዚህ ጥናት አንድ ቀላል ሞዴል እንውሰድ። አንድ ባለሙያ አንዱን ችግር ለመፍታት በአማካይ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በሰዓት 3 ደንበኞችን የማስተናገድ አቅም አለው። በሰዓት በአማካይ 2 ጥሪዎች በዘፈቀደ ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ችግር ቶሎ ይፈታል፣ አንዳንዱ ይረዝማል። ባለሙያው ከሰዓቱ ሲሶውን ሥራ ፈትቶ ስለሚቀመጥ ደንበኛ እምብዛም የማይጠብቅ ይመስላል። ስሌቱ ግን ሌላ ይነግረናል። የሥራ ጫናውን፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛን፣ በአቅሙና በጥሪዎቹ ብዛት መካከል ላለው ልዩነት፣ ማለትም ለ1፣ ስናካፍል አማካዩ የወረፋ ጊዜ የሰዓት ሁለት ሦስተኛ ወይም 40 ደቂቃ ይሆናል።

አሁን እንዲህ ያሉ ሁለት ባለሙያዎች ወረፋቸውን አንድ አድርገው በሰዓት 4 ጥሪዎችን በጋራ ቢቀበሉ አማካዩ የመጠበቂያ ጊዜ ወደ 16 ደቂቃ ይወርዳል። ሦስት ሆነው 6 ጥሪዎችን ቢቀበሉ ደግሞ ወደ 9 ደቂቃ ገደማ ዝቅ ይላል። የእያንዳንዱ ባለሙያ ድካም አልጨመረም፤ ገቢውም አልቀነሰም፤ የደንበኛው መጉላላት ግን ከሲሶ በታች ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። በመርካቶና በፒያሳ በየሱቃቸው የተቀመጡ ሦስት ጠጋኞች ወረፋቸውን ሊያዋሕዱ አይችሉም፤ በኢንተርኔት የተሳሰሩ ሦስት ባለሙያዎች ግን አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ አዲስ አበባ ቢሆኑም ይችላሉ። የርቀት እገዛ እውነተኛ ብልጫም ከዚህ ላይ ይገኛል።

ይኸው ሒሳብ ግን ያስጠነቅቀናል። ባለሙያው በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን ቢሠራ 352 ጥሪዎችን ያስተናግዳል። አንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት በወር 4 ጊዜ ይደውላል ብንል፣ አንድ ባለሙያ ሙሉ ሥራ እንዲኖረው 88 ደንበኞች ያስፈልጉታል፤ ለሦስቱ ደግሞ 264። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ወሰድናቸው እንጂ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ቁም ነገሩ፣ ሥራውን የሚጀምር ሰው ድረ ገጹን ከማሳመሩ በፊት «ስንት ደንበኛ አገኛለሁ? ከእያንዳንዱስ በወር ስንት ብር?» ብሎ ማስላት ያለበት መሆኑ ነው። ለአንድ ጥያቄ አንድ ጊዜ ከፍሎ የሚሄድ ደንበኛ ይህን ቁጥር አይሞላም፤ ወርኃዊ ውል ያለው ክሊኒክ፣ መድኃኒት ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም የሒሳብ ቢሮ ግን ይሞላል።

ከሒሳቡ ይልቅ የሚከብደው እምነት ነው። የርቀት እገዛ ማለት ያላዩትን ሰው ወደ ማሽን አስገብቶ ፋይል እንዲከፍት መፍቀድ ነው። ባለሙያው «ቫይረስ አለ» ቢል ደንበኛው ማረጋገጫ የለውም። ምጣኔ ሀብታዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙትና በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው ሥራዎች አንዱ በሆነው ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ገዢ ደጉን ከክፉው መለየት ካልቻለ ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ደጉ ሻጭም ከገበያው ይወጣል። ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽን፣ ኦፊስ ዲፖ የተባለው የመደብር ሰንሰለትና ሰፖርት ዶት ኮም የተባለው የርቀት እገዛ ድርጅት ጤነኛ ኮምፒዩተሮች ጭምር ቫይረስ እንዳለባቸው በሚያስመስል ምርመራ ደንበኞችን አታለው ጥገና ሸጠዋል ሲል ከሷቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለቱ በድምሩ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። በሽታውን የሚናገረውም መድኃኒቱን የሚሸጠውም አንድ ሰው ሲሆን ፈተናው ይህ ነው።

በአገራችን ሁኔታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንመርምር። ብዙ ሱቆች ለማንኛውም ሕመም የሚሰጡት መድኃኒት «ፎርማት» ነው። ለጠጋኙ ቀላል ነው፤ ቅጂ ያልተያዘለት የአንድ ዓመት የሒሳብ መዝገብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አብሮ ይጠፋል። ውል የገባ ባለሙያ ጥቅሙ ሌላ ነው። ወርኃዊ ክፍያው ቋሚ ስለሆነ ብልሽት በበዛ ቁጥር የሚደክመው እርሱ ራሱ ነውና፣ ቅጂ በየጊዜው ማስያዝና ቫይረስን አስቀድሞ መከላከል ይጠቅመዋል። ደግሞም ከውጭ አገር የሚመጣ እገዛ የማይደርስባቸው ችግሮች አሉን። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር፣ በእነርሱ የተዘጋጁ አሮጌ ሰነዶችን አንብቦ መለወጥ የአገሩን ልምድ ይጠይቃል። ክፍያውም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን በእጅ ስልክ መላክ ስለተስፋፋ፣ አስቀድሞ እንደነበረው እንቅፋት አይሆንም።

የሥራው ወሰን ግን መታወቅ አለበት። ኃይል መስጫው የተቃጠለ፣ ዲስኩ የተበላሸ ወይም ከኢንተርኔት የተቆራረጠ ማሽን ከሩቅ አይጠገንም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተመሠረተው ጊክ ስኳድ እ.ኤ.አ. በ2002 ቤስት ባይ በተባለ የኤሌክትሮኒክስ መደብር መጠቃለሉ አንድ ነገር ያመለክተናል፤ የኮምፒዩተር እገዛ የሚዳሰስ ደጃፍ ሲኖረው ይጠነክራል። እኛም በርቀት የሚሠራ ድርጅት በየከተማው ከሚታመን ጠጋኝ ጋር አስቀድሞ መስማማት ይኖርበታል እንላለን።

«አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይህን ሁሉ ያስቀረዋል» የሚሉ ይኖራሉ። መልስ በመስጠቱ ረገድ እውነት አላቸው፤ ስለዚህም ነው መልስ አይሸጥም ያልነው። ይሁን እንጂ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ለማያውቅ የክሊኒክ ሠራተኛ፣ የበሽተኞቹ መዝገብ ሲጠፋ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምክር አይደለም፤ «ይህ የእኔ ሥራ ነው» ብሎ የሚቀበለው ሰው ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ የሰው ምስጢር ስለሆነ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ባለሙያው ሊያውቀው የሚገባ ሕግ ነው።

ስለዚህ ይህን ሥራ የምታስቡ ተማሪዎች ብቻችሁን አትጀምሩ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ወረፋችሁን አዋሕዱ። ዋጋችሁን በጥያቄ ሳይሆን በወር ወስኑ። የደንበኛውን ማሽን ስትከፍቱ የምታደርጉትን ሁሉ እያየ፣ የሠራችሁትም በጽሑፍ ይድረሰው። ችግሩን ካልፈታችሁ ገንዘቡን መልሱ፤ የማትችሉትንም «አንችልም» በሉ። ለሚሊዮኖች የተበተነ መልስ ዋጋ የለውም፤ የሚታመን ሰው ግን ዛሬም ብርቅ ነው። ገበያም ሁልጊዜ የሚከፍለው ለብርቁ ነው።