ድካማችን ክሕደት አይደለም

የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን በተሸነፈ ማግሥት በየመሥሪያ ቤቱና በየሻይ ቤቱ አንድ ክስ ደጋግሞ ሲነገር እንሰማለን። ክሱ በቡድኑ ላይ ቢሆን ባልገረመን ነበር፤ የሚቀርበው ግን በደጋፊው ላይ ነው። «የዛሬ ሰው አገሩን አይወድም፤ ቡድኑ መቼ እንደሚጫወት እንኳ አያውቅም፤ የእንግሊዝ ክለብ ተጫዋቾችን ስም ግን እንደ ዳዊት ይደግማል» ይባላል። ከከሳሾቹም አንዱ በዕድሜ ታላቃችን የሆኑ፥ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀራቸው የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ናቸው። እኒህ ሰው የቡድኑን ጨዋታ ሳናይ መቅረታችንን በነገርናቸው ጊዜ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው «የእናንተ ትውልድ ከዳተኛ ነው» አሉን። እኛም ዕድሜያቸውን አክብረን ዝም አልን። ዝም ማለታችን መልስ ስላጣን አልነበረምና መልሱን እነሆ በጽሑፍ እናቀርባለን።

«እኛ» ስንል ዕድሜያችን በሠላሳዎቹ ውስጥ የሚገኘውን፥ በ2005 ዓ.ም. ባንዲራ ለብሰን ድምፃችን እስኪዘጋ በየመንገዱ ስንጮኽ የነበርነውን፥ ዛሬ ግን የቡድኑ ስም ሲነሣ ወሬ የምንለውጠውን ማለታችን ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአገራችን አቆጣጠር ነው።) ከዳችሁ የሚለንን ሰው አንድ ነገር እንጠይቀዋለን፤ የከዳ ሰው የከዳውን ነገር እያሰበ ሌሊት ይገላበጣልን? የከዳ ይረሳል። እኛ ያልረሳን ስለ ሆንን ነው የደከመን።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ታላቁ ቀን እንመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን ጨዋታ ሲተረክ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም የአፍሪካ ዋንጫዎች ወስዳ ለሦስተኛው የመጣች ነበረች። ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለት ጊዜም ተደረሰባት። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ዋንጫውንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የአሥመራው ልጅ፥ የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የሚያኮራም ነው። ነገር ግን «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» እንደሚባለው፥ ያ ዋንጫ በተተረከ ቁጥር ያድጋል። በውድድሩ የተካፈሉት አራት ቡድኖች ብቻ እንደ ነበሩ፥ እነርሱም ኢትዮጵያ፥ ግብጽ፥ ቱኒዚያና ኡጋንዳ እንደ ሆኑ፥ እኛም ዋንጫውን ያነሣነው ሁለት ጨዋታ ተጫውተን እንደ ሆነ ጨምሮ የሚተርክ ሰው ጥቂት ነው። በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር ሁለተኛ ወጣን የሚባለውም፥ ደቡብ አፍሪካ በዘር መለያየት ሥርዓቷ ምክንያት ስለ ተወገደች ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አልፈን፥ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸንፈን ነው።

ይህን ማንሣታችን የእነዚያን ጀግኖች ድል ለማሳነስ አይደለም። ሁለት ጊዜ ተመርቶ የግብጽን ቡድን ማሸነፍ በማንኛውም ዘመን ትልቅ ሥራ ነው። ግን አባት በወሬ ሲገዝፍ ልጁ ባለ ዕዳ ሆኖ ይወለዳል። ከ1954 ወዲህ የተመሠረተ ቡድን ሁሉ ሜዳ የሚገባው በሕይወት ከሌለ ቡድን ጋር እየተመዘነ ነው፤ እኛም ደጋፊዎቹ ያላየነውን ክብር እንድናለቅስ ተፈርዶብናል። ያላየነው ማለታችንም ከሳሻችንን ጨምሮ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ 60 እንደ መሆኑ፥ እኒያ ባልደረባችን ዋንጫው ሲነሣ ገና አልተወለዱም ነበር። ዛሬ በየቢሮው ተቀምጠን ስለዚያ ቀን የምንከራከር ሁሉ የምንከራከረው ስለ ሰማነው ነገር ነው።

የኋላው ታሪክ አጭር ነው። በ1956 በጋና አራተኛ ሆንን፤ በጥር 1960 በአዲስ አበባና በአሥመራ አስተናግደን እንደ ገና አራተኛ ሆንን። በየካቲት 1962 በሱዳን የአይቮሪ ኮስቱ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት ጎል አገባብንና 6 ለ 1 ተሸነፍን፤ ከዋንጫው ስምንት ዓመት ነበር ያለፈው። በ1968 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ አስተናግደን ከምድባችን ሳናልፍ ቀረን፤ በ1974 በሊቢያ አንድ ጎል እንኳ ሳናገባ ተመለስን። በ1954 ብዙዎቹ ወንድሞቻችን የሆኑ የአፍሪካ አገሮች ገና ከቅኝ ግዛት እየወጡ ባንዲራቸውን ይሰቅሉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እነርሱ ሲሮጡ እኛ ዋንጫችንን ስንወለውል ቀረን። ቀጥሎ የመጣው 31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ መራቅ ነው። እኛ የተወለድነው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ደጋፊው መሸነፍ አይችልም የሚሉን ሰዎች ይህን ይስሙ። በ2004 መጨረሻ ላይ ቡድናችን በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ መጣ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 በአዲስ አበባ ስታዲየም አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አግብተው 2 ለ 0 ሲያሸንፍ፥ በውጭ ባገባው ጎል ብልጫ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ያን ምሽት በመስቀል አደባባይ የማናውቃቸው ሽማግሌ አንገታችንን አቅፈው አለቀሱ፤ ስማቸውን ሳንጠይቅ ሕዝቡ ለያየን። ከዚያም በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ጨዋታ የዋለው ጥር 13 ቀን ነበር፤ ልክ በ51ኛው ዓመት፥ በዚያው ዕለት። ተጋጣሚያችን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። ፍጹም ቅጣት ምት አገኘንና ሳትን፤ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ፤ ጎልም ተቆጠረብን። በዐሥር ሰው አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ተለያየን። በዚያ አገር የሚኖሩት ወገኖቻችን ስታዲየሙን አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ አልብሰውት ዋሉ። (ከመካከላቸው አንዳንዶች ወደ ሜዳ ዕቃ መወርወራቸው አሳፍሮናል፤ ይህን መደበቅ አይገባም።) ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ታዲያ ደክሞን ነበርን? አልደከመንም። ከነሽንፈታችን በደስታ ሰክረን ነበር። መሸነፍ ብቻውን ደጋፊን እንደማያደክም ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም።

ድካሙ የጀመረው በወረቀት ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ነገር ግን ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበትና ማረፍ የሚገባው ተጫዋች ተሰልፎ ስለ ነበረ ሦስቱ ነጥብ ተወሰደ። እኛ የመዝገብ ሰዎች ነን፤ አንዲት ደብዳቤ ከፋይሉ ውስጥ በጊዜው ባለመነበቧ ምን ያህል ጣጣ እንደሚመጣ እናውቃለን። ያን ጊዜ የተሰማንን እንንገራችሁ። ዐሥራ አንድ ልጆች በእግራቸው ያመጡትን ነገር በጠረጴዛ ላይ ማጣት ከ4 ለ 0 ይልቅ ያማል። ተጫዋቾቹ ግን እንደ ገና ታግለው ምድቡን በአንደኝነት ጨረሱ። በጥቅምት 2006 ከናይጄሪያ ጋር ለሚደረገው ጨዋታ ትኬት ለመግዛት ጋቢ ለብሰን ሌሊቱን በሰልፍ አደርን። ቀድመን አግብተን መጨረሻ ላይ በተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 ተሸነፍን። በኅዳርም በካላባር 2 ለ 0 ሆነና የዓለም ዋንጫው ቀረ።

ቢሆንም ያን ጊዜ ቢያንስ ሰልፍ የምንይዝበት በር ነበረን። ከ2014 መጀመሪያ ጀምሮ እርሱም ተዘጋ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአገራችን ስታዲየሞች የሚፈለገውን ደረጃ አያሟሉም ስላለ፥ ኢትዮጵያ «በሜዳዋ» የምትጫወተው ጨዋታ በሰው አገር ሆነ። ከጋና ጋር በጆሃንስበርግ፥ ከግብጽ ጋር በሊሎንግዌ፥ ቀጥሎም በሞሮኮ። ኮንፌዴሬሽኑን በ1949 ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 እስከ 1979 ለ15 ዓመት ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። ቤቱን አብረን ሠርተን ሳለ እንግዳ የምንቀበልበት ክፍል ያጣነው እኛ ነን። በዚህ ኮንፌዴሬሽኑን አንወቅሰውም፤ ደረጃው ለሁሉም አንድ ነው፤ ሌሎች አሟልተውታል።

በሰኔ 2 ቀን 2014 የሆነውን በተለይ ልናነሣው ይገባናል። የዚያን ቀን ኢትዮጵያ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈች። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ከ1954 ጀምሮ ስትተረክ የኖረችው ድል ዳግመኛ መጣች ማለት ነው። ግን የመጣችው በማላዊ ነው። እኛ ጨዋታውን ያየነው በሰፈራችን አንድ ሻይ ቤት ከአራት ሰዎች ጋር ሲሆን፥ ከአራቱ አንዱ ዝናብ ለማስጠለል የገባ ነበር። ስናጨበጭብ ባለቤቷ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ?» አለችን። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው። አባቶቻችን በዚያው ተጋጣሚ ላይ የተገኘውን ድል በገዛ ስታዲየማቸው አዩ፤ እኛ ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ባላነሰ መንገድ ላይ ያለ ባዶ ወንበር አየን።

እዚህ ላይ «አገራችን ድሀ ናት፤ ከዚህ በላይ ከየት ይምጣ?» የሚል ክርክር እንደሚነሣብን እናውቃለን። በጥር 2014 በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ በመጀመሪያው ቀን 1 ለ 0 ያሸነፈችን ኬፕ ቬርዴ ናት። የሕዝቧ ቁጥር ስድስት መቶ ሺህ የማይሞላ፥ በውቅያኖስ መካከል የተበታተነች የደሴቶች አገር ናት። ይህችው አገር በጥቅምት 2018 ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆንን እኛ ድህነትን ምክንያት አድርገን ለማቅረብ ፊት ያለን አይመስለንም።

የእንግሊዝ ክለብ ታመልካላችሁ ለሚለውም መልሳችን አጭር ነው። አዎን፥ እናያለን። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆኑ ጓደኞቻችን የመውደቅን ነገር ከእኛ ባላነሰ ያውቁታል፤ 20 ጊዜ የአገሩ ሻምፒዮን የሆነው ክለባቸው ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በ2005 በተሰናበቱ በዓመቱ ሰባተኛ ሆነ፤ በ2017 ደግሞ ዐሥራ አምስተኛ ወጣ። እነርሱም ይቃጠላሉ፥ ይማላሉ፥ «ከእንግዲህ አላይም» ይላሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ይመለሳሉ። የሚመለሱትም ክለቡ ቢወድቅም ሜዳው በቦታው ስላለ፥ የጨዋታው ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ስለሚታወቅ፥ ማን አሠልጣኝ እንደ ሆነና ለምን እንደ ተሰናበተ በግልጽ ስለሚነገር ነው። ሰው የሚታመመውን ዘመዱን ይጠይቃል፤ የት ሆስፒታል እንደ ተኛ ያልተነገረውን ዘመድ ግን እንዴት ይጠይቅ?

ስለዚህ ከእኛ ጩኸትና ጭብጨባ የሚፈልጉ ሰዎች አስቀድመው የእነርሱን ድርሻ ያቅርቡ። ዋንጫ አምጡልን አላልንም። ልጆች በየሰፈሩ የሚጫወቱበት ሜዳ ለሌላ ነገር ሲሰጥ ዝም አይባል፤ ቢጫ ካርድ የሚቆጥር ሰው ይኑር፤ ቡድኑ አገሩ ላይ ይጫወት። ይህ ተሟልቶ ሳለ ብንቀር ያን ጊዜ ከዳተኛ በሉን። እስከዚያው ግን ድካማችንን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ አቤቱታ ቁጠሩልን፤ ደጋፊ ማመልከቻ የሚያስገባበት ሌላ ቢሮ የለውምና።

ባለፈው እሑድ የእኅታችን ልጅ፥ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው፥ በትምህርት ቤት ስለ 1954ቱ ዋንጫ ሰምቶ መጣ። «ጋሼ፥ ግብጽን ያሸነፍነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው?» አለን። «ሌላም ጊዜ አለ፤ እኔ ራሴ አይቻለሁ» አልነው። ዓይኑ በራ። «ስታዲየም ገብተህ?» አለ። «የለም፤ ጨዋታው ሊሎንግዌ ነበር» አልነው። «ሊሎንግዌ በየት በኩል ነው? ከመገናኛ ታክሲ አለው?» ሲል፥ እናቱ ከት ብላ ሳቀች፤ እኛ ግን ተነሥተን የአፍሪካን ካርታ ፍለጋ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው ሄድን።