ላም አለን በሰማይ፤ ወተቷን መልሰው ይሸጡልናል!

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ያገራችን ሰው የማይጨበጥ ተስፋ ሲነግሩት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል። እዚህ አሜሪካ ግን ተረቱ ተገልብጧል። ላሚቱ እውነትም ሰማይ ላይ አለች። ወተቷም ቀን ከሌት በየጣሪያችን ላይ ይዘንባል። ጉዱ፣ እኛ ጣሳችንን ደፍተን ተቀምጠን፣ ያንኑ ወተት በጠርሙስ አሽገው ሲያመጡልን በየወሩ እየከፈልን «እግዜር ይስጥልን» ማለታችን ነው።

የማወራው ስለ ቴሌቪዥን ነው። «ስንት የሚያንገበግብ ነገር ባለበት ዓለም ስለ አንቴና ይጻፋል ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አዎን፣ ይጻፋል! አዲስ አበባ ሆነህ ይህን ጋዜጣ የገዛህ ወንድሜ፣ እዚህ ያለው ዘመድህ «ወር አልገፋ አለኝ» ሲልህ ዶላሩ ከሚንጠባጠብባቸው ቀዳዳዎች አንዱን ነው የማሳይህ።

እውነቱ ይኸውላችሁ። በዚህ አገር የአየር ሞገድ የማንም ኩባንያ ርስት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የኮሙኒኬሽን ሕግ ጣቢያዎች ሞገዱን የሚጠቀሙት በፈቃድ ብቻ እንደሆነ፣ ፈቃዱም የሚሰጠው የሕዝብን ጥቅም ለማገልገል እንደሆነ ይደነግጋል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ጁን 12 ቀን 2009 አሮጌውን የአናሎግ ስርጭት ዘግተው ወደ ዲጂታል ጠቅልለው ገቡ። ለአሮጌ ቴሌቪዥን የሚሆን መቀየሪያ ሳጥን እንዲገዛ መንግሥት ለየቤቱ እስከ ሁለት የሚደርስ የ40 ዶላር ኩፖን አድሏል። እነሆ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጥርት ያለ የኤችዲ ምስል በነፃ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ብዙ ጊዜም በኬብል ከሚመጣው ይበልጥ ይጠራል እንጂ አያንስም፤ የኬብሉ ሰው ስንትና ስንት ቻናል በአንድ ገመድ ለማሳለፍ ሲል ምስሉን ዳግመኛ ይጨምቀዋልና።

አሁን ወደ እኛ ሕንፃ ልውሰዳችሁ። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ አንዲት እትዬ አሉ። ሃያ ዓመት የሆቴል አልጋ አንጥፈው ጡረታ የወጡ ናቸው። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይህን ወረቀት እስቲ አንብብልኝ» ብለው የኬብል ሂሳባቸውን ሰጡኝ። ከመስመሮቹ አንዱ «የብሮድካስት ቴሌቪዥን ክፍያ» ይላል፤ ከሃያ ዶላር በላይ። ይህ ምን ማለት ነው? በአየር ላይ በነፃ ለሚተላለፉት የአካባቢው ጣቢያዎች የሚጠየቅ ገንዘብ ነው። በ1992 የወጣ ሕግ ጣቢያዎች «ስርጭታችንን በገመድህ ካሳለፍክ ክፈል» ብለው ኬብሉን እንዲጠይቁ ፈቀደላቸው። ኬብሉም ዕዳውን አሽሞንሙኖ ወደ እትዬ አዞረው። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው ይኸው ነው። ለመሆኑ እትዬ ምን ያያሉ? ዜና፣ የአየር ጠባይና ቅዳሜና እሑድ አንድ ፊልም። 4፣ 7 እና 9 ቁጥርን። ሦስቱም በነፃ!

«እትዬ፣ ይህን ገመድ እንቁረጠው» አልኳቸው። «ቁረጠው» አሉኝ። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ቀማኛ የጠበቀን።

«የኤችዲ አንቴና» የሚባል ነገር የለም!

ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ አንቴና ገዛን። ካርቶኑ ላይ «ኤችዲ! 4ኬ! 200 ማይል!» ተብሎ ተጽፏል። ሲከፈት እንደ ወረቀት የሳሳ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። «ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ለጥፈው» ይላል መመሪያው። ለጠፍነው። 4 እና 5 መጡ። 7 እና 9 ግን ምስላቸው እንደ ተሰበረ ሸክላ ተበታተነና ጨለመ። ሻጩ ዘንድ ብንደውል «ማጉያ ግዙ» አለን። ገዛን። ይባስ ብሎ 5 ቁጥርም ጠፋ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ አይደል?

ያን ቀን በንዴት ተነስቼ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ጀመርኩ። ያገኘሁትን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

አንደኛ፣ አንቴና ብረት ነው። ብረት ደግሞ ኤችዲ ይሁን 4ኬ፣ ዲጂታል ይሁን አናሎግ አያውቅም። የሚያውቀው የሞገዱን ርዝመት ብቻ ነው። አያቴ ቤት ቆርቆሮ ላይ የነበረው የድሮ አንቴና እዚህ መጥቶ ቢተከል ለመጠኑ የሚስማማውን ሞገድ ይይዛል። ምስሉን ኤችዲ የሚያደርገው ጣቢያውና የቴሌቪዥኑ መቀበያ ነው። ስለዚህ «የኤችዲ አንቴና» ማለት «የጾም ድስት» እንደማለት ነው፤ ድስቱ ምን እንደተሠራበት አያውቅም። ዲሽም ቢሆን ያው ነው፤ አዲስ አበባ «የኤችዲ ሰሃን ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልልብህ ካጋጠመህ ሳቅበት።

ሁለተኛ፣ 200 ማይል የሚባለው ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። መሬት ክብ ናት፤ የቴሌቪዥን ሞገድ ደግሞ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል። ከ60 እና 70 ማይል ወዲያ ያለውን ጣቢያ መያዝ ረጅም ማማና ጥሩ የጣሪያ አንቴና እያለም ፈታኝ ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አንድ አንቴና ሻጭ ኩባንያን በሐሰተኛ ማስታወቂያ ከሶት በ2021 ኩባንያው 650,000 ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። አንዱ ተቀጣ፤ ገበያው ግን እስካሁን በማይል ይፎክራል።

ሦስተኛ፣ የ7 እና የ9 ቁጥር ምስጢር። ዲጂታሉ ሲመጣ ብዙ ጣቢያዎች የድሮ ቁጥራቸውን ለስም ያህል ይዘው ወደ ሌላ ሞገድ ተዛውረዋል። የዋሽንግተኖቹ 4 እና 5 ዛሬ የሚያስተላልፉት በዩኤችኤፍ ነው። 7 እና 9 ግን እውነትም በ7 እና በ9፣ ማለትም ረዘም ባለው የቪኤችኤፍ ሞገድ ላይ ናቸው። የዩኤችኤፍ ሞገድ ርዝመት ከግማሽ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ የእነዚህ ሁለቱ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ያች ወረቀት መሳይ ፕላስቲክ ለዩኤችኤፍ ብትሆን እንጂ ለዚህ አትበቃም። ታዲያ ካርቶኑ ላይ ይህን ማን ጻፈው? ማንም!

መድኃኒቱስ? ሁለት ጆሮ ያለው፣ «የጥንቸል ጆሮ» የሚባለው የድሮ ዓይነት አንቴና! እያንዳንዱ ጆሮ ወደ 40 ሳንቲሜትር ተስቦ፣ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ፣ ጎኑን ሳይሆን ፊቱን ወደ ማሰራጫው ሲያዞር 7 እና 9 ቁልጭ ብለው መጡ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በጥቂት ዶላር የተገዛ ነው።

አራተኛ፣ ማጉያው። ማጉያ የሌለውን አይፈጥርም። ያለውን ከነኮተቱ ያጮኻል። የዋሽንግተን ዋና ዋና ማማዎች ያሉት በሰሜን ምዕራቡ ከፍታ፣ በቴንሊታውን አካባቢ ነው፤ ከእኛ ሕንፃ አሥር ማይል አይሞላም። ለቅርብ ሰው ድምፅ ማጉያ ሲጮኹበት ጆሮው ይደነቁራል፤ የቴሌቪዥኑም መቀበያ እንደዚያው ነው። ማጉያ የሚያስፈልገው ሩቅ ላለ፣ ወይም ኬብሉ ረጅም ለሆነበት ሰው ነው። ያም ቢሆን ቦታው አንቴናው ሥር እንጂ ቴሌቪዥኑ ጀርባ አይደለም። 30 ሜትር አርጂ-6 ኬብል ከተቀበለው የዩኤችኤፍ ኃይል ሲሶውን ያህል ብቻ ነው ጫፍ የሚያደርሰው። ለሁለት የሚከፍል ማከፋፈያ ሲጨመርበት እያንዳንዱ ቴሌቪዥን ከግማሽ ያነሰ ይደርሰዋል። መጀመሪያ ኬብሉን አሳጥሩ፣ የማያስፈልገውን ማከፋፈያ ንቀሉ፣ ከዚያ ስለ ማጉያ እናወራለን።

አምስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ቦታና ከፍታ። ልጅ ሆነን አዲስ አበባ አንዱ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ግንዱን ያዞር ነበር፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ ያስተላልፋል፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይፈርዳል። «አሁንስ?» «ትንሽ ወደ ግራ!» «አሁንስ?» «ቆመ! እንዳትነካው!» ያ ሁሉ እውቀት የት ገባ? አሜሪካ ስንገባ በሻንጣ ሳንይዘው ቀረን እንዴ? ልዩነቱ አንድ ነው። የድሮው ስርጭት ሲደክም በረዶ እየመሰለም ቢሆን ይታይ ነበር። ዲጂታል ግን ገደል ነው፤ ወይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ሜትር ፈቀቅ ማለት ጨለማን ብርሃን ያደርጋል።

እኛም አንቴናውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንስተን ወደ ማማዎቹ የሚያይ መስኮት ላይ አደረግነው። ከመስኮት ደግሞ በረንዳ ይሻላል፣ ከበረንዳ ጣሪያ። ጡብ ሞገድ ይበላል፤ ሙቀት ለመከላከል በስስ ብረት የተቀባ መስታወትና የብረት ወረቀት ያለው ግድግዳ ደግሞ ይመልሰዋል። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል እንኳ ቪኤችኤፍን ይረብሻል፤ አጥፍታችሁ ሞክሩ። የማማውን አቅጣጫ ለማወቅ መንግሥታዊው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ አድራሻ ማስገባት በቂ ነው፤ የትኛው ጣቢያ ከየት በኩል፣ በምን ያህል ጉልበት እንደሚመጣ በነፃ ያሳያል። አንቴናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ቻናል እንደገና እንዲፈልግ እዘዙት። ውጭ የሚሰቅል ሰው ከኤሌክትሪክ መስመር ይራቅ፤ ግንዱንና ኬብሉንም በባለሙያ ከመሬት ጋር ያስያይዝ። መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

አከራዩ ሕግ አይደለም

በረንዳ ላይ ልንሰቅል ስንል ሦስተኛው መጣ፤ የሕንፃው አስተዳደር። «አንቴና ክልክል ነው፣ የሕንፃውን መልክ ያበላሻል» አሉን። እትዬ ደነገጡ። «ልጄ፣ ይቅርብኝ፣ ከቤት ያስወጡኛል» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ኮሚሽኑ በ1996 ያወጣው ደንብ አለ፤ ከ1999 ጀምሮ ተከራይንም ያጠቃልላል። ተከራይ ለብቻው በሚጠቀምበት በረንዳ ወይም ግቢ የአካባቢውን ጣቢያ የሚቀበል አንቴና ማቆም ይችላል። አከራይም ሆነ የሰፈር ማኅበር ያለ በቂ የደኅንነት ምክንያት ወይም የታሪካዊ ቅርስ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ሊከለክለው አይችልም። የጋራ ጣሪያና የሕንፃው የውጭ ግድግዳ ግን አይፈቀድም፤ ይህንንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ደንቡን አትመን በትሕትና ሰጠናቸው። አንብበው ዝም አሉ። አንቴናው ዛሬም በረንዳው ላይ ቆሟል። ስንቱ ወገናችን ነው «ክልክል ነው» የሚለውን ቃል ሰምቶ፣ መብቱን ሳይጠይቅ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚመለሰው?

ደግሞ ቁልፍ ሊያስገቡ ነው

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በ2017 የተጠናቀቀው ጨረታ ከ38 እስከ 51 ያሉትን ቻናሎች ከቴሌቪዥን ወስዶ ለስልክ ኩባንያዎች ሸጠ፤ 19.8 ቢሊዮን ዶላር ወጣበት። ጣቢያዎቹ ጠበብ ወዳለው ቦታ እስከ ጁላይ 2020 ተሸጋሸጉ። ለሕዝቡ የተረፈው «ቻናል እንደገና ፈልጉ» የሚል ማስታወቂያ ነው።

አሁን ደግሞ በ2017 የተፈቀደው አዲሱ የስርጭት ዓይነት እየተስፋፋ ነው። ምስሉ ይሻላል፣ አቀባበሉም ይጠነክራል ይባላል፤ ይሁን እሰየው። ነገር ግን ብዙ ጣቢያዎች አዲሱን ስርጭት በምስጢር ቁልፍ እየቆለፉት ነው። ቁልፉን የሚከፍተው የእነሱን ማረጋገጫ ያገኘ መቀበያ ብቻ ነው። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ኮሚሽኑ ጣቢያዎች አሮጌውን ስርጭት በፈለጉ ጊዜ እንዲተዉ የሚፈቅድ ሐሳብ አቅርቧል። እንግዲህ እጠይቃለሁ፤ የሕዝብ ሞገድ ላይ የግል ቁልፍ ምን ይሠራል? እትዬ ነገ ሌላ ሳጥን ግዙ ሊባሉ ነው? ገበሬው መንገድ ዳር ባለው የጋራ ምንጭ ላይ ቧንቧ ተክሎ መክፈቻውን ኪሱ የከተተ ሰው ቢያይ ምን ይለዋል?

ለኬብሉም እውነቱን ልመስክርለት። የእግር ኳሱን ሁሉ ካላየሁ የሚል፣ ተራራ የጋረደው፣ ወይም ከማማ እጅግ የራቀ ሰው ይክፈል፤ አልፈርድበትም። ያገር ቤት ጣቢያዎችም በዚህ አንቴና አይመጡም። እኔ የምቃወመው ነፃ የሆነውን ነገር ነፃ መሆኑን ደብቆ መሸጥን ነው።

እትዬ ገመዱን ቆርጠዋል። ባለፈው ሰሞን ማዕበል ሲመጣ ማስጠንቀቂያውን ያዩት በ9 ቁጥር፣ በዚያች ጆሮዋን በዘረጋች አንቴና ነው። «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ነበር የምከፍለው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። መልሱን መስጠት ያለባቸው ሂሳቡን ሲቀበሉ የኖሩት ናቸው።

እኛ ግን እስከዚያው ጣሳችንን እናቃና። ወተቱ እየዘነበ ነው።