ራሱን እንጠይቀው

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ሲሰበክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ጭቃውና ስለ ሰሊሆም መጠመቂያ ነው። ምዕራፉን ረጋ ብለን ስናነበው ግን አንድ ሌላ ነገር እናስተውላለን። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሁሉም ያወራል። ደቀ መዛሙርቱ በማን ኃጢአት እንዲህ ሆነ ብለው ይመራመራሉ። ጎረቤቶቹ እርሱ ነው፣ አይደለም ተባብለው ይከራከራሉ። ፈሪሳውያን ደጋግመው ይመረምሩታል፤ ምስክርነቱን ግን አይቀበሉም። ወላጆቹ፣ ከፍርሃት የተነሣም ቢሆን፣ ልጃቸው ለአካለ መጠን ስለ ደረሰ ራሱ እንዲጠየቅ ይናገራሉ። በመጨረሻ ሲያባርሩት ፈልጎ ያገኘውና ያነጋገረው ጌታ ኢየሱስ ነው።

ወገኖች፣ በየአጥቢያችን ያሉትን ዓይነ ስውራን ወንድሞችና እህቶች ጠይቀናቸው እናውቃለን? ጸልየንላቸዋል። በጉባኤ ፊት አቁመን እጅ ጭነንባቸዋል። ፈውሱ ሲዘገይም እምነታቸውን የጠረጠርን አንጠፋም። ምን እንደሚያነቡ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን መጻፍ እንደሚወዱ ግን አናውቅም።

የደቀ መዛሙርቱ ጥያቄ ዛሬም በመካከላችን አለ። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃቸው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ ትራኮማም ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ነው። ጌታ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ለሚለው ጥያቄ በሩን ከዘጋው፣ እኛ መልሰን የምንከፍተው ለምንድን ነው?

አንድ ዓይነ ስውር ሰው ቀን የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል፣ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ ይጽፋል ብንባል ብዙዎቻችን «እንዴት ተደርጎ?» እንላለን። የሚሠራው በጆሮው ነው። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በማሳያው ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብለታል። ፕሮግራመሩ እያንዳንዱን መስመር፣ እያንዳንዱን ቅንፍና ነጥብ ሰምቶ የሥራውን መልክ በአእምሮው ይይዛል። ኤን ቪ ዲ ኤ የተባለውን ነፃ ስክሪን ሪደር እ.ኤ.አ. በ2006 መሥራት የጀመረው ማይክል ኩራን ነው፤ ጄምስ ቴህም አብሮት ሠርቷል። ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው፣ ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። በ14 ዓመቱ ብርሃኑን ያጣው ሕንዳዊው ቲ. ቪ. ራማን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ይዞ በጉግል ሠርቷል። እነዚህ ሰዎች መሣሪያ ተሠርቶ እስኪሰጣቸው አልጠበቁም፤ ለራሳቸውና ለሌሎች ሠሩ።

ልብ ወለዱስ? በተረቶቻችንም በስብከት ምሳሌዎቻችንም ዓይነ ስውር ብዙ ጊዜ ወይ በር ላይ ተቀምጦ ይለምናል፣ ወይ የኃጢአት ምሳሌ ይሆናል። ብዕሩን ራሱ ሲይዝ ግን በታሪኩ ውስጥ ነጋዴ፣ ቀልደኛ፣ ቂመኛ፣ አፍቃሪ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ሰው ይሆናል ማለት ነው። በጨቅላነቷ ዓይነ ስውር የሆነችው ፋኒ ክሮዝቢ (1820–1915 እ.ኤ.አ.) ከ8,000 በላይ መዝሙሮችን የደረሰችው በአእምሮዋ አቀናብራ፣ ለሌሎች እየነገረች በማስጻፍ ነበር። የዛሬው ደራሲ ጸሐፊ ሳያስፈልገው ብቻውን ይጽፋል፣ ያነባል፣ ያርማል።

ከእኛው ክልልም ምስክር አለችን። በወሎ አማራ ሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ብርሃኗን አጣች። እርሷ ራሷ እንደምትናገረው ግን ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ አትርፎ ለትምህርት አበቃት። በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትሟገት ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለች። ሌሎች ስለ እርሷ የተናገሩት አሳዛኝ ታሪክ ነበር። ራሷ ስትጠየቅ የሰማነው ሌላ ነው።

በዚህ በሰሜን ሸዋ ለምንኖር ለእኛ ጉዳዩ የአደራም ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙ በማትርቀው አንኮበር፣ ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ተቀምጦ ቅዱሳት መጻሕፍትን አድሏል። አቡ ሩሚ የተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም የታተመው በዚያው ዘመን ነው። የእነዚያ ሰዎች ድካም ቃሉ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ እጁ እንዲገባ ነበር። ሥራው ገና አላለቀም። በብሬል የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ መደርደሪያ የሚሞላ ብዙ ጥራዝ ነው፤ በድምፅ የሚነበበው ግን በአንድ ስልክ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ እንቅፋቱን የምናስቀምጠው እኛው እንዳንሆን እንፍራ። በዘሌዋውያን 19፥14 እግዚአብሔር በዓይነ ስውር ፊት ዕንቅፋት እንዳይቀመጥ ያዝዛል። የጸሎት ፕሮግራሙን በፎቶ አድርገን በቴሌግራም ስንለቅ ስክሪን ሪደሩ ዝም ይላል። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን ስካን አድርገን በፒዲኤፍ ስንልክ፣ ወይም ዩኒኮድ ባልሆነ በድሮ ፊደል ስንጽፍ፣ የሚሰማው ወይ ዝምታ ነው ወይ ትርጉም የሌለው ድምፅ። ማስተካከያው ብር አይጠይቅም፦ ፎቶውን ስንለጥፍ ጽሑፉንም ከሥሩ እንጻፍ፤ የጥናት መምሪያውን በዩኒኮድ ጽፈን ከእሑድ በፊት እንላክ። ለአገልግሎት ሰው ስንመድብም ዓይነ ስውሩን ወንድማችንን ከዝማሬ ቡድኑ ውጪ አስበነው እናውቅ እንደ ሆነ ራሳችንን እንመርምር። ማስተማር፣ መጻፍ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱን ኮምፒውተር ማስተካከል የሚችል ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ለፈውስ መጸለይ እናቁም?» የሚል ይኖራል። በፍጹም! ጌታ ዛሬም ይፈውሳል። ነገር ግን ጌታ እንኳ በርጤሜዎስን ከመፈወሱ በፊት ምን እንደሚፈልግ ጠይቆታል (ማርቆስ 10፥51)። ሁሉን የሚያውቀው እርሱ ከጠየቀ፣ እኛ ሳንጠይቅ እንዴት እናውቃለን እንላለን?

በዚህ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አጠገባችን ያለውን ዓይነ ስውር ወንድም ወይም እህት በስሙ፣ በስሟ ጠርተን «ምን እየሠራህ ነው? ምን እያነበብሽ ነው?» እንበል። ከዚያም ዝም ብለን እንስማ። ጌታ ጆሮአችንን ይክፈትልን። አሜን።