ክለብን የሚገድለው የመጨረሻው ቀን አይደለም

በእግር ኳስ ለጥቂት መቅረትን ያህል የሚያም ነገር የለም። በታችኛው ሊግ ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ የከረመ ቡድን በመጨረሻው ቀን በአንድ ነጥብ ወይም በአንድ ጎል ሳያድግ ሲቀር፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ተጫዋቹ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩም ጭምር ነው። ይህን ሐዘን አላቃልለውም። የዛሬው ሙግቴ ሐዘኑን ተከትሎ ከሚመጣው ውሳኔ ጋር ነው።

ውሳኔው፣ ውድ አንባቢ፣ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ቡድኑ የሚያድግ በመሰለበት ሰሞን ከክብር ትሪቡን የማይጠፋው ሹም ሽልማት ቃል ይገባል። ኳሷ የግቡን አግዳሚ መትታ ከተመለሰች ግን ያው ሹም ስለ በጀት እጥረት መናገር ይጀምራል። አሠልጣኙ ይሰናበታል፤ ልጆቹ ይበተናሉ፤ ሲብስም ክለቡ ራሱ ይፈርሳል። ለመሆኑ በአንድ ጎል የተወሰነ ነገር የአንድን ክለብ ዕድሜ ሊወስን ይገባልን?

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ እንዲፈርስ ተደረገ። ቆይቶ እንደገና ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ በ2009 ዓ.ም. ምን ነበር የጠፋው? አቅም ነው እንዳንል፣ አቅሙ እንደነበረ ጊዜ አሳየን። የጠፋው ትዕግሥት ነበር። በአንጻሩ ኢትዮጵያ መድን በታችኛው ሊግ ዓመታት አሳለፈ፤ ሳይፈርስ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. አደገ፤ በ2017 ዓ.ም. ዋንጫውን አነሣ።

ማደግም ቢሆን ብቻውን መድኅን አይደለም። የአዲስ አበባ ከተማ ክለብ በ2008 ዓ.ም. አድጎ በ2009 ወረደ፤ በ2013 ዓ.ም. አድጎ በ2014 ወረደ። ሁለቱንም ጊዜ የቆየው አንድ አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። መሠረት ለሌለው ክለብ ማደግ የውርደት ቀጠሮ ከሆነ፣ መሠረት ላለው ክለብ መቅረት የአንድ ዓመት መዘግየት ብቻ ነው።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. የለንደኑ ብሬንትፎርድ ከእንግሊዝ ሦስተኛ እርከን ለማደግ በመጨረሻው ቀን ዶንካስተርን ማሸነፍ ነበረበት። በባከነ ሰዓት ያገኘው ፍጹም ቅጣት ምት አግዳሚውን መትቶ ተመለሰ፤ ዶንካስተር በዚያው ቅጽበት በመልሶ ማጥቃት ጎል አግብቶ እርሱ አደገ። ከዚህ የከፋ መቅረት ከየት ይመጣል? ብሬንትፎርድ ግን በዓመቱ አደገ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ይህ ክለብ በ1998 ዓ.ም. አብላጫ ድርሻው በደጋፊዎቹ ማኅበር እጅ የገባ ነበር። ባለቤት ያለው ነገር በአንድ ቀን አይጣልም።

እኔ የጉለሌ ነዋሪ ነኝ። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አዲሱ ገበያ ኳስ የማያባርር ልጅ የለም፤ የጉለሌን ስም የያዘ ክለብ ግን በፕሪሚየር ሊጉ የለም። ጎረቤታችን አራዳ በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲያፈራ የሰፈር ወጣቶች ተሰባስበው እንጂ በጀት ተመድቦላቸው አልነበረም። ዛሬ የታችኛው ሊግ ክለብ ባለቤት ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ የሚጠራው ሰፈር ሳይሆን መሥሪያ ቤት ነው።

«የሕዝብ ገንዘብ ለተሸናፊ አይፈስም» የሚሉኝ አሉ። ገንዘቡ ተጠያቂነት ይኑረው ማለታቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ዓመት ለፍቶ የተሠራን ቡድን በአንድ ጎል ምክንያት መበተን ከብክነት ሁሉ የከፋው ብክነት አይደለምን?

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። ክለብ የሚያቋቁም አካል ቢያንስ የሦስት ዓመት በጀት በቅድሚያ እንዲያረጋግጥ ይገደድ፤ ደጋፊው መዋጮ የሚከፍልና ድምፅ የሚሰጥ አባል ይሁን። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ክር ሲበጠስበት ይቀጥለዋል እንጂ ዕቃውን አይሰባብርም። ክለቦቻችንን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን ለመማር ከቢሯቸው ብዙ መራቅ አያስፈልጋቸውም።

ቸር ይግጠመን።