ቡና ሲለቀም፣ ሊጉ ሲጀመር

በጥቅምት ጅማ አካባቢ ወዳለችው አሰንዳቦ ስደውል የአክስቴ ስልክ ይጠራል እንጂ አይነሳም። ለቀማ ላይ ናቸው። ማታ ሳገኛቸው ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነግሩኝ ስንት ለቃሚ እንዳገኙ፣ ያልታሰበ ዝናብ አልጋ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል ስንት ጊዜ እንዳስሸፈናቸው ነው። በዚያው ሰሞን አገር ቤት ሊጉ ይጀመራል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ የኮሌጅ ፉትቦል ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማውን ነቅሎ ያስወጣል።

ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁ ኮሌጅ ከገቡ ወዲህ ስታዲየም መሄድ ጀምራችኋል። እኔም ባለፈው ዓመት ልጄን ተከትዬ ሄጄ ነበር። የኮሌጇ ቡድን ያን ሰሞን ሽንፈት በሽንፈት ነበር፤ ያን ቀንም ገና ሳያልቅ ነገሩ አብቅቶለት ነበር። ዝናቡም አላቆመም። ከጎኔ የተቀመጡት ሰማንያ የሚጠጉ ሽማግሌ ግን ንቅንቅ አላሉም። የዝናብ ልብሳቸውን ኮፍያ እያስተካከሉ፣ ተማሪ ሳሉ ቡድናቸው በጎረቤት ኮሌጅ እንዴት እንደተሸነፈ፣ ኳሱ ከማን እጅ እንዳመለጠ ሳይቀር አጫወቱኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሽንፈት ነው። እንደ እሳቸው ያለው ብዙ ነው፤ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይገባል፤ አን አርበር የምትባለው ከተማ ራሷ ከዚያ እምብዛም የማይበልጥ ነዋሪ ነው ያላት። ተማሪ ብቻውን አይሞላውም፤ ተመርቀው የወጡት ናቸው ከየስቴቱ እየነዱ የሚመጡት። በዓመት አንዱን ጨዋታ ሆምካሚንግ ብለው የሰየሙት ለእነሱ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ነበር። እኔ ከአገሬ ቡድን ከጅማ አባ ጅፋር ሽንፈቶች አንዱን እንኳ ለልጄ መተረክ እችላለሁ?

ድሉንማ ሁላችንም እንተርከዋለን። 2009 ላይ ጅማ አባ ቡና ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ሌላው የከተማዋ ቡድን ጅማ ከተማ አድጎ በጅማው ንጉሥ ስም አባ ጅፋር ተብሎ መጣ። በ2010 ይህ አዲስ ገቢ ቡድን በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እኩል 55 ነጥብ ይዞ በጎል ልዩነት ዋንጫውን አነሳ። ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ! ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ በ23 ጎል የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ጅቡቲ ቴሌኮምን ጥሎ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ቢሸነፍም በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸነፈ። ዋንጫ በመደርደር በአፍሪካ አቻ የሌለውን ክለብ ማለት ነው። ያኔ በዋሽንግተንም በሚኒያፖሊስም የጅማ ልጅ ነኝ የማይል አልነበረም፤ ስልኬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም።

2014 ላይ ቡድኑ ወረደ። ያን ሳምንት አንድም ሰው አልደወለልኝም፤ እኔም ለማንም አልደወልኩም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ቡድን እንዲሁ አይወርድም። አሰልጣኙ ዋንጫውን ባነሱ ማግስት ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደው በ2011 እዚያም ሻምፒዮን ሆኑ። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ደመወዝ ሲዘገይ ተጫዋች ይሄዳል። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሆነ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየምም ተራው ደርሶት አስተናግዷል። የቴሌቪዥኑን ገንዘብ ጥቅም አልክድም። ነገር ግን ቡድኑ በየሁለት ሳምንቱ በደጁ የማይጫወት ከሆነ፣ ከሰርቦና ከአሰንዳቦ በሚኒባስ ተጠቅጥቆ የሚሄደው ደጋፊ የት ይሂድ? እዚያ ያለው ሜዳው ከራቀው፣ እዚህ ያለነው ዝም ካልን፣ ቡድኑ ማንን ይዞ ይነሣ?

እዚህ ያለነውን ከጅማ ኳስ ጋር የሚያስተሳስረን አለ። አሰንዳቦ ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ከግቢ አውጥቶ ሕዝብ መሃል የሚያስተምር ነውና፣ የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያችን ይመጡ ነበር። ቀን ቀን በየቤቱ እየዞሩ ስለ ውሃው፣ ስለ መጸዳጃው፣ ስለ ሕፃናቱ ክትባት ይጠይቃሉ። አመሻሽ ላይ ነጩን ጋዋን አውልቀው ከእኛ ጋር ኳስ ይጫወታሉ። ጎሉ ሁለት ሁለት ድንጋይ፣ ኳሱ ካልሲ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጨርቅ። አንድ ቀን ጠጠር ላይ ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ፣ ሲከላከለኝ የነበረው ተማሪ ጨዋታውን አቋርጦ በጀሪካን ውሃ አጠበኝና በማግስቱ ጤና ጣቢያ ጠብቆ አሸገልኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ከእነዚያ ተማሪዎች መሃል ዛሬ አሜሪካ ሐኪም ሆናችሁ የምትሠሩ አላችሁ። ለእናንተ ጅማ የተመረቃችሁበት ብቻ ሳይሆን የተጫወታችሁበትም አገር ነው።

ቡድን ማቆየት ደግሞ እንችላለን። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በጁላይ ሰሞን የየከተማውን ቡድን እየሰበሰበ ያጫውታል። ሥራ ውሎ፣ ማታ ልምምድ ወርዶ፣ ማሊያ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ነው ያ ሁሉ ዓመት የተዘለቀው። ያንን ለራሳችን ያደረግን ሰዎች ለአባ ጅፋር የሚያንሰን ነገር የለም። እኔ የምለምናችሁ ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ቅዳሜ አገር ቤት ስትደውሉ ቡድኑ ከማን ጋር እንደተጫወተ እንድትጠይቁ ነው። መዋጮው ከዚያ ይከተላል፤ ሲከተልም ደረሰኝ ያለው፣ ለሜዳውና ለትናንሾቹ ከተሞች ታዳጊዎች ኳስና ጫማ የሚሆን ይሁን። ደረሰኝ የሌለው መዋጮ ከዚህ በፊት አቃቅሮናል።

ባለፈው እሑድ እኔው ጀመርኩት። አክስቴን ስለ አባ ጅፋር ብጠይቃቸው «ይህን የሚያውቀው እሱ ነው» ብለው ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ሰጡት። ልጁ በረኛውን፣ ተከላካዩን፣ የሳተውን ፍጹም ቅጣት ምት በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝርልኝ ጀመር። ወዲያው ከጀርባው የአክስቴ ድምፅ መጣ፤ ደመና ከብዷል፣ ና ሸራውን ያዝልኝ፣ ጀንፈሉ ሊረጥብ ነው።