የውርጭ ማለዳ በለገዳዲ
የለገዳዲ ግድብ ውኃ በረዶ ባይሆንም፣ በታኅሣሥ ዳርቻው ላይ ያለው ሣር በውርጭ ነጥቶ ያድራል፤ ፀሐይ እስክትሞቅ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል። በነቢያት ጾም ልቡን ሰብሰብ ማድረግ ለሚሻ የአዲስ አበባ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል ባይ ነኝ። «ቤተ ክርስቲያን እያለ ውኃ ዳር ምን ያዞረዋል?» የሚል አይጠፋም። ታዲያ የጣናና የዝዋይ ገዳማት ሐይቅ መሀል የተተከሉት፣ ታቦት ለጥምቀት ወደ ውኃ የሚወርደው፣ ኢሬቻስ ቢሾፍቱ ላይ በሆራ ዳር የሚከበረው ለምን ይሆን? ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ግድቡ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የከተማዋ መጠጥ ነው፣ ሰው ሲበዛበት ይቆሽሻል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ከውኃው ራቅ ብሎ የሚያልፍ ጠባብ የእግረኛ መንገድ ይበቃል። ካፌና ድምፅ ማጉያ ግን በጭራሽ!