ሁለት ፊደል የጎደለው ሌንስ

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ በካሜራ እንጀራ ለመብላት የተነሳ ወጣት መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ይታወቃል፦ ካኖን 2000ዲ ወይም 4000ዲ፣ አብሮት የሚመጣው 18-55 ሌንስ፣ ሜሞሪ ካርድና ቦርሳ። ቀጥሎ የሚያምረውም ይታወቃል፦ «ሩቅ የሚያመጣ» ሌንስ። ዕቁብ ሲደርሰው ወይም የጥር ሠርግ ጥቂት ገንዘብ ሲያስቋጥረው፣ የሱሉልታው በአዲሱ ገበያ፣ የቡራዩው በአስኮ፣ የሰበታው በአየር ጤና አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ረጅሙን ርካሽ ሌንስ ያወርድና «ይኸው 300!» ይለዋል። ልጁ ደስ ብሎት ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ይዞ የተመለሰው ግን ቁጥር ነው።

ይህ ዓይነቱ ሽያጭ መቆም አለበት። ሌንስ ላይ ከ300 በፊት መታየት ያለባቸው ሁለት ፊደላት አሉ። በካኖን ላይ «አይኤስ»፣ በኒኮን ላይ «ቪአር» ይባላሉ። ትርጉማቸው አንድ ነው፦ ሌንሱ ውስጥ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ማረጋጊያ አለ። እነዚህ ፊደላት የሌሉበት ርካሽ ረጅም ሌንስ ለጀማሪ ዕዳ ነው፤ ሻጩም ይህን እያወቀ ዝም ማለቱ ነውር ነው።

ነገሩን በስሙ መጥራት ይሻላል። በብዛት ለጀማሪ የሚቀርበው ካኖን 75-300፣ ሦስተኛው ስሪት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የፊልም ካሜራ ዘመን ሌንስ ነው። ማረጋጊያ የለውም። 300 ድረስ ሲሳብ ምስሉ ይለሰልሳል፤ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ቀለም ያወጣል፤ ፎከሱም ዘገምተኛ ነው። አዲስ ካሜራ የገዛም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2025 ካኖን ለአዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎቹ 75-300 ሲያወጣ ያኔም ማረጋጊያ አላስገባበትም። እንደ አር100 እና አር50 ያሉት ርካሽ ካሜራዎች ደግሞ በራሳቸው አካል ውስጥም ማረጋጊያ የላቸውም።

ማረጋጊያው ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ረጅም ሌንስ ሩቁን ሲያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። የቆየው የፎቶ አንሺዎች ልማድ፣ የሻተር ፍጥነት ቢያንስ ከሌንሱ ርዝመት ጋር እኩል ይሁን ይላል። የጀማሪ ካኖን ሴንሰር አነስ ያለ በመሆኑ ርዝመቱ በ1.6 ይባዛል፤ 300 እንደ 480 ይሆናል። ስለዚህ ያለ ማረጋጊያ በእጅ ይዞ ጥርት ያለ ፎቶ ለማንሳት 1/500 ሰከንድ ያስፈልጋል። ሌንሱ ግን 300 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። በጠራራ ፀሐይ ይህ ችግር አይሆንም። ደመና ሲጥል፣ ማለዳ ወይም ማታ ሲሆን፣ ዛፍ ሥር ሲገባ ግን ፎቶው ወይ ይጨልማል ወይ ይደበዝዛል።

ሦስቱ ከተሞች ማስረጃውን በደጃቸው ይዘውታል። ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ደን የገባ ሰው ጉሬዛ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ቅጠል ሲበላ ያገኛል። ጉሬዛው አይቸኩልም፤ ችግሩ የደኑ ጥላ ነው። በ75-300 የሚያነሳው ልጅ 1/500 ለማግኘት አይኤስኦውን እስከ ጣሪያ ይሰቅልና ፎቶው በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጎኑ የቆመው ጓደኛው ካኖን 55-250 አይኤስ ኤስቲኤም ቢይዝስ? ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ 375 ግራም ብቻ የሚመዝን ሌንስ ነው። ካኖን ማረጋጊያው እስከ 3.5 ስቶፕ ያግዛል ይላል፤ ይህም 1/400 የሚጠይቀውን ፎቶ ወደ 1/40 ገደማ የሚያወርድ ነው። በተግባር የዚህ ግማሽ እንኳ ቢገኝ፣ አንዱ ጉሬዛ ይዞ ሲመለስ ሌላው ጭጋግ ይዞ ይመለሳል።

ከቡራዩ አለፍ ብሎ ባለው ገፈርሳ ግድብም ያው ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ እዚያ ይታያል። ወፍ በደንብ የሚነሳው ማለዳ ነው፤ ማለዳ ደግሞ ብርሃኑ ገና ለጋ ነው። ከውጭ የመጣ ጎብኚ የክንድ ያህል ሌንስ ደግኖ ያነሳታል። የቡራዩ ልጅ በየቀኑ የሚያልፍባትን ወፍ ለማንሳት የክንድ ያህል ሌንስ የግድ አያስፈልገውም፤ የማይንቀጠቀጥ ሌንስ ግን ያስፈልገዋል።

ሱሉልታ ላይ ለተቃራኒው ወገን ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ የሚለማመዱ ሯጮችን ለማንሳት 1/1000 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ማረጋጊያ ደግሞ የእጅን እንጂ የሯጭን እግር አያቆምም። ፀሐይ ከወጣች 75-300ም ይሠራል። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ምስሉ 300 ላይ መለስለሱና ፎከሱ መዘግየቱ አይቀርም፤ የኤስቲኤሙ ሞተር ሯጩን የመከተል ዕድሉ የተሻለ ነው። «ግን 50 ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል» የሚል ካለ ይቁጠረው፦ በ300 ከ40 ሜትር ላይ የሚገኘው ምስል በ250 ከ33 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ልዩነቱ 7 ሜትር ነው። ለ7 ሜትር ሲባል ማረጋጊያን መተው፣ ለመራመድ ሰንፎ ዓይንን መስጠት ነው።

«ወይ 70-200 ኤፍ 2.8፣ ወይ ምንም» የሚሉ አንጋፋ ባለሙያዎችም አሉ። ያ ሌንስ ከኤፍ 5.6 አራት እጥፍ ብርሃን እንደሚያስገባ እውነት ነው። ግን የካኖኑ ክብደት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል፣ ዋጋውም የጀማሪውን ካሜራ ብዙ ጊዜ የሚያጥፍ ነው። ለአንድ ትልቅ ሠርግ ተከራይቶ መመለስ ይቻላል፤ ተበድሮ መግዛት ግን ሥራውን ገና ሳይጀምር መቅበር ነው። ማታ አዳራሽ ውስጥና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሌላ ርካሽ መፍትሔ አለ። ካኖን 50 ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ለሩቁ 55-250፣ ለጨለማው 50፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይበቃል።

ኒኮን የያዙትም ወጥመድ አላቸው። የኒኮን ኤኤፍ-ፒ 70-300 ባለ ቪአርም ቪአር የሌለውም አለ፤ ሁለቱ በመልክ መንትያ ናቸው። ይኸው ሌንስ እንደ ዲ90 እና ዲ3000 ባሉ ቆየት ያሉ ካሜራዎች ላይ ፎከስ አያደርግም። ኤኤፍ-ኤስ ያልሆነው አሮጌው 70-300 ደግሞ እንደ ዲ3500 ያሉ፣ ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የሌላቸው ካሜራዎች ላይ በእጅ ካልሆነ ፎከስ አይዝም። «ኒኮን ለኒኮን ነው፣ ይገጥማል» የሚል ሻጭ እውነቱን ነው፤ መግጠም ግን መሥራት አይደለም።

አንድ ሌንስ ላይ ይህን ያህል መጨቃጨቅ ለምን? «ወጣቱ ሥራ ይፍጠር» የሚለው መፈክር በሸገር ከተማም በአዲስ አበባም በየስብሰባው ይሰማል። በካሜራ ሥራ የፈጠረው ወጣት ዕቃውን የሚገዛው በዶላር ዋጋ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር፣ የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የልጁ የሠርግ ክፍያ በዚያው ልክ አላደገም። የሌላ አገር ሰው ያልወደደውን ሌንስ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘቡን ይቀበል ይሆናል፤ እዚህ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። አንድ የተሳሳተ ግዢ የአንድ ዓመት ቁጠባ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ያገለገለ አልገዛም፣ ዋስትና የለውም» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አዲስ መጥፎ ሌንስ መግዛት ሳይሆን አገላብጦ ማየት ነው። የራስን ካሜራ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በሌንሱ ጎን «ስታብላይዘር» የሚል ማብሪያና ማጥፊያ መኖሩን ማየት። ቀጥሎ የስልክ መብራት በመስታወቱ ውስጥ አሳልፎ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ መኖሩን መፈለግ፤ ክረምቱን ሻንጣ ውስጥ የከረመ ሌንስ ይህን ይይዛል። ከዚያ ዙሙን እስከ ጫፍ ስቦ መወላለቁን መፈተሽ። በመጨረሻ ከሱቁ ደጃፍ ወጥቶ 250 ላይ፣ በ1/60፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ ማስታወቂያ ማረጋጊያውን አብርቶም አጥፍቶም ማንሳትና በካሜራው ስክሪን አጉልቶ ማነጻጸር። ልዩነት ከሌለ ማረጋጊያው ሞቷል። ይህን ፈተና የሚከለክል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ጥፋቱ የሻጭ ብቻ አይደለም። ሠርገኛውም ካሜራ ማኑን በሌንሱ ርዝመት ይመዝናል፤ አጭር የያዘውን «ይሄ ልጅ ነው» ይለዋል። ልጁም ሥራ እንዳያመልጠው ረጅሙን ይገዛል። የሚያዋጣው ከዚያው ልጅ ጋር ከመዋዋል በፊት ያነሳቸውን ፎቶዎች ማየት ነው። አልበሙ ላይ የሚቀረው የሙሽራዋ ፊት ነው፤ የሌንሱን ርዝመት ማንም አያስታውሰውም።

ስለዚህ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ድረስ ይስባል?» አይደለም፤ «አይኤስ አለው? ቪአር አለው?» ነው። ባለሱቁ «ለአንተ አያስፈልግህም» ካለ፣ ቀጣዩ ሱቅ ጥቂት እርምጃ ነው።